ጌም እየተጫወቱ ስክሪን ሚረር ማድረግ ግራፊክስ ካርዱን ያደክመዋል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ፤ ሞኒተሩ 144 ሄርዝ ነው። ስጫወት ሌሎችም በትልቁ ስክሪን እንዲያዩ ብዬ ቲቪውን በኤችዲኤምአይ ካርዱ ላይ ሰክቼ ዱፕሊኬት አደረግሁት። በሰከንድ 140 ፍሬም ገደማ ይሰጠኝ የነበረው ጌም ወዲያው 60 ላይ ቀጥ አለ። ታስክ ማናጀር ላይ ሳየው ካርዱ ከ97 በመቶ ወደ 45 በመቶ ግድም ወርዷል። ካርዱ አንዱን ጌም ለሁለት ስክሪን ሁለት ጊዜ እየሠራ ነው? የበለጠ ጉልበት ያለው ካርድ ልግዛ?»

አይግዙ። ገንዘብዎ ችግሩ በሌለበት ቦታ ይፈሳል። ካርዱ ጌሙን ሁለት ጊዜ እየሠራ አይደለም፤ ራስዎ ያዩት ቁጥር ይህንን ይመሰክራል። እጥፍ ሥራ ቢጫንበት ኖሮ 97 በመቶው ወደ 100 ይወጣ ነበር እንጂ ወደ 45 አይወርድም። 45 በመቶ ማለት ካርዱ የያዘውን ጨርሶ ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ካርዱን የሚያስጠብቀውን ነገር ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሴቲንግ ወይም በኬብል ይስተካከላል።

መጀመሪያ ሚረር (ዊንዶውስ «ዱፕሊኬት» የሚለው፣ አንዱን ምስል በሁለት ስክሪን ማሳየት) ሲደረግ ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንይ። ጌም አንድ ፍሬም ሲያወጣ ከባዱ ሸክም ያለው ምስሉን በመሥራት ላይ ነው። የነገሮቹ ቅርጽ ይሰላል፣ ብርሃንና ጥላ ይወጣል፣ ቴክስቸር (የነገሮቹን ገጽ የሚሸፍነው ሥዕል) ይለበጣል፣ በመጨረሻም እያንዳንዱ ፒክስል ምን ቀለም እንደሚይዝ ይወሰናል። ካርዱን የሚያሞቀውና ፋኑን የሚያስጮኸው ይህ ሥራ ነው። ሥራው ሲያልቅ የተጠናቀቀው ምስል በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ፍሬም በፈር የሚባለው ይህ ነው። ምስሉን ከዚያ አንሥቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ግን ዲስፕሌይ ኮንትሮለር የሚባል ሌላ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከላይኛው ግራ ጥግ ጀምሮ መስመር በመስመር ፒክስሎቹን እያነበበ በኬብሉ ይለቃቸዋል፤ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሲደርስ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ስክሪኑ 60 ሄርዝ ከሆነ ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 144 ከሆነ 144 ጊዜ ያደርገዋል።

አብዛኞቹ የዛሬ የዴስክቶፕ ካርዶች እስከ አራት ስክሪን የሚያሠሩት እንዲህ ያለውን ንባብ በአንድ ጊዜ ለአራት መስመር ማካሄድ ስለሚችሉ ነው። ሁለት ስክሪን ሚረር ሲደረግ ሁለት አንባቢዎች አንዱኑ ምስል ያነባሉ። አንድ ደብዳቤ ሁለት ሰው ስላነበበው ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አልጻፈውም። ጌሙም በበኩሉ የሚያውቀው አንድ ምስል መሥራቱን ብቻ ነው።

ታዲያ የሁለተኛው ንባብ ዋጋ ስንት ነው? በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል፣ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲይዝ፣ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲነበብ ግማሽ ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 12 ጊጋባይቱ ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 በሰከንድ 360 ጊጋባይት የማስተላለፍ አቅም ያለው ሜሞሪ አለው። ከ360 ላይ ግማሽ ጊጋባይት መቀነስ ማለት ከሺህ ሁለት እጅ እንኳን አይሞላም። ሬዲዮን አርኤክስ 6600 በሰከንድ 224 ጊጋባይት ነው ያለው፤ እሱም ላይ ቢሆን ከሺህ ሁለት እጅ ገደማ ነው። ቲቪው 4ኬ (የ1080 አራት እጥፍ ፒክስል ያለው) ሆኖ ሙሉ 4ኬ ምስል ቢላክለት ንባቡ በሰከንድ ወደ 2 ጊጋባይት ያድጋል፤ አሁንም ለእነዚህ ካርዶች ከአንድ በመቶ በታች ነው። አንድ በመቶ ማለት ከ140 ፍሬም ላይ አንድ ፍሬም ከምናምን ነው። አንዱኑ ጌም ሁለት ጊዜ ሲፈትሹ በራሱ ከሚመጣው ልዩነት ያንሳል።

ይህ ስሌት የሚከብደው የራሱ ሜሞሪ ለሌለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለተሠራ ግራፊክስ ነው። እሱ የኮምፒውተሩን ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራል። ዲዲአር4 3200 ራም በሁለት ቻናል ሲሠራ በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ግማሹን፣ ማለትም 25.6 ጊጋባይት ብቻ። በአንድ ራም የሚሠራ ማሽን ላይ የ4ኬ ቲቪ ንባብ ብቻውን 8 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ እንዲህ ያለ ግራፊክስ ደግሞ ጌም ላይ ሁልጊዜ የሚያንሰው ይኸው የሜሞሪ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ካርድ የሌለው ማሽን ላይ ሚረር ሲያደርጉ ፍሬም ከቀነሰ አይገርምም። መፍትሔው የቲቪውን ሪዞሉሽን (የምስሉን የፒክስል ብዛት) ወደ 1080 ማውረድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛ ራም መጨመር ይረዳል፤ ሚረር ባያደርጉም ጌሙ ላይ ልዩነቱን ያዩታል።

«ሁለት ስክሪን ማለት እጥፍ ሥራ» የሚለው እምነት ምንጩ ሌላ ይመስለኛል። አንድ ጌም በሦስት ሞኒተር ላይ ተዘርግቶ የሚታይበት አሠራር አለ፤ ኤንቪዲያ ሰራውንድ፣ ኤኤምዲ ደግሞ አይፊኒቲ ይሉታል። እዚያ በእርግጥ ካርዱ የሚሠራው ምስል ይሰፋል፦ ሦስት 1080 ሞኒተር ጎን ለጎን 5760 በ1080፣ ማለትም 6.2 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል፤ የአንዱ ሦስት እጥፍ። የፍሬሙ ቁጥር ክፉኛ ይወርዳል። ሚረር ግን አዲስ ፒክስል አይፈጥርም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም «ብዙ ስክሪን» እየተባሉ ስለሚጠሩ ተደባልቀዋል።

አሁን ወደ እርስዎ 60 እንመለስ። ዊንዶውስ ላይ ዱፕሊኬት ሲሉ ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ዴስክቶፕ ይሆናሉ። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «1» እና «2» የሚሉት ሁለት ሳጥኖች ተዋሕደው አንድ ሳጥን ሲሆኑ ያዩታል። አንድ ዴስክቶፕ አንድ ሪዞሉሽን አለው፤ ብዙ ጊዜም አንድ ሪፍሬሽ ሬት፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ምስል የሚያድስበት ብዛት፣ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዊንዶውስ ሁለቱም የሚችሉትን ይፈልጋል። ሞኒተርዎ 144 ይችላል፣ ቲቪው 60፤ የሚያስማማቸው 60 ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሞኒተርዎ ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር ሆነ።

ጌሙ ውስጥ ቪ-ሲንክ በርቶ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ስክሪኑ ለአዲስ ምስል ዝግጁ እስኪሆን ቀጣዩን ይዞ ይጠብቃል። በ60 ሄርዝ ላይ በሁለት ምስሎች መካከል 16.7 ሚሊሰከንድ አለ። በሰከንድ 140 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ አንዱን ፍሬም በ7 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የቀረውን ወደ 10 የሚጠጋ ሚሊሰከንድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። 7ን ለ16.7 ሲያካፍሉ 42 በመቶ ይመጣል፤ ታስክ ማናጀር ላይ ያዩት 45 ከየት እንደመጣ ይኸው። ቁጥሮቹ እንዲህ ሲገጥሙ ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም።

ቪ-ሲንክን ቢያጠፉት የፍሬም ቆጣሪው ተመልሶ 140 ሊል ይችላል። በዚህ አይሸወዱ። ቆጣሪው የሚነግርዎ ካርዱ ስንት ምስል እንደሠራ ነው፤ ሞኒተሩ አሁንም በሰከንድ 60 ብቻ ያሳያል። ቁጥሩ ተስተካክሎ ጨዋታው ግን እጅ ላይ ከብዶ ከቀረ ምክንያቱ ይህ ነው። ሊፈትሹት የሚገባው የሞኒተሩን ሪፍሬሽ ሬት ነው፤ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» በሚለው ስር ይገኛል።

አንዳንድ ድራይቨሮች (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባቡ ሶፍትዌሮች) በራሳቸው ኮንትሮል ፓነል በኩል ሚረር በተደረጉ ሁለት ስክሪኖች ላይ የተለያየ ሪፍሬሽ ሬት እንዲሰጡ ይፈቅዳሉ። ሞኒተሩ 144፣ ቲቪው 60 ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ከተሳካልዎ ለእርስዎ ለተጫዋቹ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቲቪውን የሚያዩት ሰዎች ግን ምስሉ እየተነጠቀ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ለምን? 144 ለ60 ሲካፈል 2.4 ነው። ቲቪው በየጊዜው አዲስ ምስል ሲያነሣ አንዴ ሁለት ፍሬም ያህል ዘሎ፣ አንዴ ሦስት ያህል ዘሎ ነው የሚያገኘው፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። በእኩል ፍጥነት የሚዞር ካሜራ ቲቪው ላይ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ይታያል። የቲቪው ብልሽት አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ የምመክረው ሞኒተሩን ከ144 ወደ 120 ማውረድ ነው። 120 ለ60 በትክክል ሁለት ነው፤ ቲቪው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ፍሬም ይወስዳል፣ እንቅስቃሴውም ይስተካከላል። ለዓይን በ144 እና በ120 መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ፍሬም ከአንድ ሚሊሰከንድ ተኩል በታች ነው፤ 6.9 ሚሊሰከንድ ወደ 8.3 ይሆናል። ብዙ ሰው አይለየውም። የፍሬም ገደብ ጌሙ ውስጥ ካለ እሱንም 120 ላይ ያድርጉት፤ ካርዱ 140 ይደርስ ስለነበር ለ120 ትርፍ ጉልበት ይቀረዋል፣ ፍሬሞቹም በእኩል ርቀት ይወጣሉ።

እዚህ ላይ አንዲት ጥቃቅን ነገር ብዙዎችን ታደክማለች። ቲቪዎች በኤችዲኤምአይ ሲሰኩ አንዳንድ ጊዜ በ60 ፈንታ በ59.94 ሄርዝ ይሠራሉ፤ ከቆየው የቴሌቪዥን ስርጭት አሠራር የመጣ ቁጥር ነው። ሞኒተሩ ልክ 60 ወይም 120 ላይ፣ ቲቪው 59.94 ላይ ከሆኑ ሁለቱ በትንሽ በትንሹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ በየ16.7 ሰከንዱ አንድ ምስል ቲቪው ላይ ይዘለላል። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ በየሩብ ደቂቃው ገደማ አንዲት ንቅናቄ ብቻ የሚያዩ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያድርጓቸው፤ ሁለቱም ልክ ወይም ሁለቱም የነጥብ ቁጥር ያለው። ለሞኒተሩም 119.88 የሚል አማራጭ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ እሱን መምረጥ ይቻላል።

ጂ-ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ ያለው ሞኒተር ከሆነ የሚያጡት ነገር ይጨምራል። ይህ አሠራር ሞኒተሩ ካርዱን ጠብቆ ፍሬም በደረሰ ጊዜ እንዲያሳይ ያደርጋል፤ ሪፍሬሽ ሬቱ ቋሚ መሆኑ ይቀርና ከፍሬሙ ጋር ይሄዳል። አንዱን ምስል በቋሚ 60 ከሚሄድ ቲቪ ጋር ሲጋራ ይህን ማድረግ ስለማይመች ሚረር ሲደረግ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የፍሬሙ ቁጥር ሳይቀንስ ምስሉ መሃል ላይ ተቆርጦ መታየት ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። የካርዱ ጉልበት እንዳለ አለ፤ የጠፋው ልስላሴው ነው።

መዘግየትም አለ። ጌም ሙሉ ስክሪኑን ይዞ ሲሠራ ዊንዶውስ ምስሉ ዴስክቶፑን በሚያቀናብረው ክፍል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ስክሪን እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሚረር ሲደረግ፣ በተለይ ሁለቱ ስክሪኖች በሪዞሉሽን ሲለያዩና አንዱ ምስል መጠኑ መለወጥ ሲኖርበት፣ ይህ አቋራጭ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም በአቀናባሪው በኩል ስለሚያልፍ አንድ ፍሬም ያህል ይዘገያል። በ144 ሄርዝ ላይ አንድ ፍሬም 7 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ60 ላይ ግን 16.7። ተኩስ ያለበት ጌም የሚጫወት ሰው ማውሱ «ውሃ ውስጥ ያለ» ይመስለዋል፤ የካርዱ አጠቃቀም ሲታይ ግን ምንም ለውጥ የለም። የቲቪው የራሱ መዘግየት ግን ለእርስዎ አያሳስብዎ። ቲቪው ምስሉን ለማሳመር መቶ ሚሊሰከንድ ቢያቆየው እንኳ ሞኒተርዎን አይጎትተውም፤ ሁለቱ ኬብሎች የየራሳቸው መስመር ናቸው። ቲቪውን እያዩ የሚጫወቱ ከሆነ ብቻ በቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ጌም ሞድን ያብሩት።

ሪዞሉሽን ላይ የሚሆነው ተቃራኒ ነው፤ አንዳንዴ ፍሬሙ ይጨምራል። ባለ 2560 በ1440 ሞኒተር ከ1080 ቲቪ ጋር ሚረር ሲደረግ ዊንዶውስ ሁለቱንም 1080 ላይ ሊያሳርፋቸው ይችላል። 1440 ወደ 3.7 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ 1080 ወደ 2.1 ሚሊዮን። ካርዱ ሥራው ቀለለለት፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ሞኒተሩ ላይ ግን ጽሑፉና ጠርዙ ደበዘዘ። «ሚረር ሳደርግ ፈጠነልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ሪዞሉሽኑን ይጠይቁት።

እርስዎ ሁለቱንም ኬብል ካርዱ ላይ ሰክተዋል፤ ይህ ትክክል ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ሞኒተሩን ካርዱ ላይ፣ ቲቪውን ከኋላ ባለው የማዘርቦርድ ኤችዲኤምአይ ላይ ሰክቶ ሊሆን ይችላል። እኔ እንደማየው ሚረር በእውነት ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። የማዘርቦርዱ ፖርት የሚነዳው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ነው። ያ ግራፊክስ የካርዱን ሜሞሪ በቀጥታ አያነብም። ስለዚህ እያንዳንዱ የተሠራ ፍሬም ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ተገልብጦ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል፣ ከዚያ ሁለተኛው ግራፊክስ ያነበዋል። አሁን አንዱ ምስል በሁለት አንባቢ መነበቡ ቀርቶ በየፍሬሙ ኮፒ የሚደረግ ሆኗል። ለ1440 ምስል በ144 ሄርዝ ኮፒው ብቻ በሰከንድ 2.1 ጊጋባይት ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በ16 መስመር በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ስለሚያልፍበት ይችለዋል፤ በ4 መስመር ብቻ የተገናኘ ካርድ ላይ ግን ጠቅላላው 4 ጊጋባይት አይሞላም፣ ጌሙም ራሱ ቴክስቸር የሚያመጣው በዚያው መንገድ ነው። ከመስመሩ ስፋት ይልቅ የሚያስቸግረው ሁለቱን ግራፊክሶች ማናበብ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ፍሬሞቹም ባልተስተካከለ ርቀት ይደርሳሉ።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሚረሩን ለጊዜው ወደ ኤክስቴንድ (ሁለቱ ስክሪኖች የየራሳቸውን ምስል ወደሚያሳዩበት አሠራር) ይለውጡት፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከፒ ጋር አንድ ላይ ሲጫኑ ምርጫው ይመጣል። ከዚያ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን ስክሪን ሲመርጡ በየትኛው ግራፊክስ ላይ እንደተገናኘ ስሙን ይጽፍልዎታል። አንዱ ኤንቪዲያ ወይም ሬዲዮን፣ ሌላው የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ካለ ኬብሉን ነቅለው ካርዱ ላይ ይሰኩት። ለዚህ ገንዘብ አይወጣም።

ላፕቶፕ ላይ ግን ኬብል ቦታ መለወጥ ሁልጊዜ አይቻልም። ሁለት ግራፊክስ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች የራሳቸውን ስክሪን በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ በኩል ነው የሚነዱት፤ ትልቁ ካርድ ፍሬሙን ሠርቶ ለእሱ ያስረክባል። የኤችዲኤምአይ ፖርቱ ደግሞ እንደ ሞዴሉ አንዳንዱ ላይ ከትልቁ ካርድ ጋር፣ ሌላው ላይ ከትንሹ ጋር የተገናኘ ነው። ፖርቱ ከትልቁ ጋር ከተገናኘ «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» ብለው በቲቪው ወይም በውጭ ሞኒተሩ ብቻ ሲጫወቱ ርክክቡ ስለሚቀር ጌሙ ይፈጥናል፤ ሚረር ሲያደርጉ ርክክቡ ይመለሳል። ስለዚህ የላፕቶፕ ተጫዋች «ሚረር ሳደርግ ቀነሰብኝ» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ላፕቶፑ ኤምዩኤክስ ስዊች የሚባለው ካለው ስክሪኑን በቀጥታ ከትልቁ ካርድ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ ውስጥ ይገኛል። ከሌለው የላፕቶፑን ክዳን ዘግቶ በውጭው ስክሪን ብቻ መጫወት ከሁሉ ይሻላል፤ ያኔ ግን አየር የሚወጣበት ቦታ እንዳይታፈን ይጠንቀቁ።

ያለ ኬብል፣ በዋይፋይ የሚደረግ ሚረር ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሚራካስት ወይም ተመሳሳዩ ሲሠራ ዲስፕሌይ ኮንትሮለሩ ለቲቪው ምንም አያነብም። ምስሉ በየፍሬሙ ይወሰዳል፣ እንደ ቪዲዮ ይጨመቃል፣ በአየር ይላካል፣ ቲቪው ላይ ይፈታል። ኤንቪዲያ ካርዶች ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ ለመጭመቁ ኤንቪኤንክ የሚባል ለብቻው የተሠራ ክፍል አላቸው፤ ኢንቴልና ኤኤምዲም የየራሳቸው አላቸው። በመሆኑም ጌሙን የሚሠራው ክፍል ብዙም አይነካም፤ ጥቂት በመቶ ነው የሚቀንሰው። ጭመቃው በፕሮሰሰሩ ላይ ከወደቀ ግን ፕሮሰሰር የሚበሉ ጌሞች ወዲያው ይንተፋተፋሉ። ቲቪው ላይ ያለው መዘግየትም ለማየት እንጂ ለመጫወት አይሆንም። በዩኤስቢ የሚሰኩ የስክሪን አስማሚዎችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ፣ በሶፍትዌር እየጨመቁ ነው የሚሠሩት። ለቢሮ ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ለጌም ሚረር አልመክራቸውም።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል፤ ሰው እየፈራ ሲጠይቅ ስለማይ። ሁለት ስክሪን ሲሰኩ ምንም ሳይጫወቱ እንኳ የካርዱ ሜሞሪ ፍጥነት ከፍ ብሎ ሊቀርና ካርዱ ከወትሮው ሊሞቅ ይችላል። ሜሞሪው ፍጥነቱን የሚለውጠው ስክሪኖቹ በሁለት ምስሎች መካከል በሚያርፉባት ቅጽበት ነው፤ ሁለት ስክሪኖች በተለያየ ጊዜ ሲያርፉ ያቺን የጋራ ቅጽበት አያገኝምና ከፍ እንዳለ ይቆያል። ጌም ላይ ሜሞሪው ቀድሞውንም በሙሉ ፍጥነቱ ስለሆነ ከፍሬምዎ ላይ የሚወስደው የለም። ካርዱንም አይጎዳውም።

ቲቪዎ ከ60 በላይ ካልቻለ፣ ድራይቨሩም ለየብቻ ሪፍሬሽ ሬት ካልፈቀደልዎ፣ እኔ የማደርገው ሚረሩን ትቶ ኤክስቴንድ ማድረግ ነው። ሞኒተሩ ዋና ስክሪን ሆኖ በ144 ይቆያል፣ ጂ-ሲንክም ፍሪሲንክም ይመለሳል። ከዚያ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተው ጌሙን በ«ጌም ካፕቸር» ይያዙት፣ በ60 ፍሬም ያድርጉት፣ ምስሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ፉልስክሪን ፕሮጀክተር» ብለው ቲቪውን ይምረጡ። ተመልካቾቹ ከሚረር የሚለዩበት ነገር የለም። ቅጂ ካልጀመሩ ጭመቃ የለበትም፤ ካርዱ በሰከንድ 60 ጊዜ አንድ ምስል ኮፒ ከማድረግ ሌላ ሥራ አይጨመርበትም። አልፎ አልፎ ቲቪው ላይ የሚዘለል ፍሬም ሊኖር ይችላል፤ የእርስዎ ጨዋታ ግን አይነካም። ቀድሞ በሁለት የተለያየ ሄርዝ ስክሪን ኤክስቴንድ ማድረግ ራሱ መንተፋተፍ ያመጣ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2020 አጋማሽ ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ዊንዶውሱ ያረጀ እንዳይሆን።

ኤችዲኤምአይ ስፕሊተር ግዛ የሚሉዎት ይኖራሉ። ስፕሊተር ከካርዱ ላይ ምንም አይወስድም፤ ካርዱ የሚያየው አንድ ኬብል ነው። ችግሩ ስፕሊተሩ ለካርዱ «እኔ የምችለው ይህን ነው» ብሎ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የደካማውን ስክሪን አቅም መሆኑ ነው። ባለ 60 ቲቪ ሲሰካበት ሞኒተርዎ እንደገና 60 ላይ ይወድቃል። ሁለቱ ስክሪኖች እኩል አቅም ያላቸው ከሆኑ ጥሩ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ቲቪዎ አዲስ ከሆነ በእርግጥ 60 ብቻ መሆኑን መጀመሪያ ያረጋግጡ። በ1080 ላይ 120 ሄርዝ የሚቀበሉ ቲቪዎች አሉ፤ ይህ ለኤችዲኤምአይ 2.0 አይከብድም። በ4ኬ 120 ከተፈለገ ግን ፖርቱም ኬብሉም ኤችዲኤምአይ 2.1 መሆን አለባቸው። አንዳንድ ቲቪ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱ ፖርት ብቻ ናቸው ይህን የሚችሉት፤ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ይነግርዎታል። ሁለቱም ስክሪን 120 ከሆኑ ከላይ ካልኩት ብዙው ችግር በአንድ ጊዜ ይቀራል፣ ዱፕሊኬቱም እንዳለ ይቀጥላል።

የራስዎን ማሽን በቁጥር ለመፈተሽ ቪ-ሲንክንና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ ያጥፉ፣ ሪዞሉሽኑ በሁለቱም ፈተና አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የራሱ ቤንችማርክ (የፍጥነት መፈተሻ) ያለው ጌም ይምረጡ። በአንድ ስክሪን ደጋግመው፣ ሚረር አድርገው ደጋግመው ያሂዱት። ኢንቴል በነፃ ያወጣው ፕረዘንትሞን ፍሬሞቹ በምን ያህል ርቀት እንደወጡና ምስሉ በቀጥታ ይሁን በአቀናባሪው በኩል ወደ ስክሪን እንደሄደ ያሳያል። አማካዩን ብቻ አይዩ፤ በጣም የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞችም ይመልከቱ፣ መንተፋተፍ የሚታየው እዚያ ነውና። ሁለቱም ኬብል ካርዱ ላይ ተሰክቶ ልዩነቱ ከአንድና ሁለት በመቶ ካልበለጠ ሁሉም እንደሚገባው ነው። አምስት በመቶና ከዚያ በላይ ካገኙ ግን ድራይቨሩን ያድሱ፣ ከበስተጀርባ የሚሠራ የቅጂ ፕሮግራምም ይፈልጉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ሲያጠፉት የጎደሉት ፍሬሞች ሊመለሱ ይችላሉ።